ከአራት ኪሎ እስከ ናንዩኪ፦ የጥንዶች የመጀመሪያ የመኪና ጉዞ በኬንያ

ይህ ማስታወሻ ጥር ላይ ተጋብተው፣ ዐቢይ ጾም ሳይገባ አንድ ሳምንት ከአገር ወጥተን ራሳችን እየነዳን እንዙር ለሚሉ የአዲስ አበባ ጥንዶች ነው። አገሩ ኬንያ ነው። ከቦሌ ናይሮቢ በረራው ሁለት ሰዓት ገደማ ነው፣ ሰዓቱም አንድ ነው። ለኢትዮጵያ ፓስፖርት ቪዛ አይጠየቅም፤ ሆኖም የመግቢያ ደንቡ ከ2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ሲለዋወጥ ስለቆየ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኬንያን ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ ተመልከቱ። ጥርና የካቲት እዚያም ደረቅ ናቸው። ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይጥላል፣ የፓርኮቹንም የአፈር መንገድ ጭቃ ያደርገዋል።

የራስን መኪና ይዞ መሄድም ይቻላል፣ ለመጀመሪያ ጉዞ ግን አይመከርም። ከአዲስ አበባ ሞያሌ 770 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከሞያሌ ናይሮቢም ያንኑ ያህል። ደርሶ መልሱ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚሆን የዕረፍቱ ሳምንት መንገድ ላይ ያልቃል። በዚያ ላይ ኬንያ የሚነዳው በግራ ነው፤ የእኛ መኪና መሪው በግራ ስለሆነ የጭነት መኪና ለመቅደም ስትወጡ ከፊት የሚመጣውን ቀድሞ የሚያየው ሹፌሩ ሳይሆን አጠገቡ የተቀመጠው ነው። ስለዚህ በአውሮፕላን ሂዱና እዚያው ተከራዩ።

መንገዱ ክብ ነው፦ ናይሮቢ፣ ናይቫሻ፣ ናኩሩ፣ ኒያሁሩሩ፣ ናንዩኪ፣ ተመልሶ ናይሮቢ። 600 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ፓርክ ውስጥ የሚነዳው ሲጨመር 800 ይሞላል። ለአንድ ሳምንት ትንሽ የሚመስለው ርቀት ሆን ተብሎ የተመረጠ ነው። ቀኑን በኪሎ ሜትር አትለኩት፣ በብርሃን ለኩት። ኬንያ የምድር ወገብ የሚያልፍባት አገር በመሆኗ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ወጥታ ማታ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ትገባለች፣ ከገባች በኋላም ወዲያው ይጨልማል። በጨለማ መንገዱ ላይ የኋላ መብራት የሌለው የጭነት መኪና፣ ጥቁር የለበሰ እግረኛና ቀለም ያልተቀባ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ይጠብቃችኋል። በዚህ ማስታወሻ በየትኛውም ቀን መኪናው ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ከከተማ ውጭ መንገድ ላይ አይገኝም። ጎማ ቢፈነዳ እንኳ ለመቀየር ሁለት ሰዓት ተኩል ብርሃን ይተርፋል።

አዲስ አበባ፣ ስድስት ሳምንት ሲቀር

ፓስፖርት፣ መንጃ ፈቃድ፣ የባንክ ካርድና ቢጫ ካርድ (የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት)፣ የሁለታችሁንም፣ ጠረጴዛ ላይ ደርድሩና በላቲን ፊደል የተጻፈውን ስም ፊደል በፊደል አነጻጽሩ። ዮሐንስ አንዱ ላይ በሁለት ኤን፣ ሌላው ላይ በአንድ ኤን ተጽፎ ይገኛል፤ ፀሐይም አንዱ ላይ በቲ፣ ሌላው ላይ በኤስ ይጀምራል። እዚህ ማንም ልብ አይለውም። ናይሮቢ ያለው የኪራይ ሠራተኛ ግን ካርዱና ፓስፖርቱ የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚያረጋግጥበት ሌላ መንገድ የለውም። ልዩነት ካለ ቀላሉ ካርዱን በፓስፖርቱ አጻጻፍ ማስቀየር ነው፣ ፓስፖርትን ማስተካከል ረጅም ነው። መኪና ስታስይዙም ስማችሁን በፓስፖርቱ ግርጌ ባሉት ሁለት የማሽን መስመሮች ላይ በሰፈረበት ቅደም ተከተል ጻፉ። ድረ ገጾች የሚጠይቁት የቤተሰብ ስም እኛ ዘንድ ስለሌለ ሰው አንድ ቀን የአባቱን፣ ሌላ ቀን የአያቱን ይሞላል፣ ቦታ ማስያዣውም ሁለት የተለያየ ሰው ይወጣዋል።

መንጃ ፈቃዱ ላይ የሚያበቃበት ቀን በኛ አቆጣጠር ብቻ ከሆነ ችግር አለ። 2019 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ለኬንያ ትራፊክ ፖሊስ ጊዜው ካለፈ ዓመታት ተቆጥረዋል ማለት ነው። ዓለም አቀፍ መንጃ ፈቃድ ማውጣት የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው። እሱም ብቻውን አይሠራም፣ ሁልጊዜ ከአገር ቤቱ ጋር አብሮ ይያዛል። ብዙዎቹ ኪራይ ቤቶች ቢያንስ የ23 ወይም የ25 ዓመት ዕድሜና የሁለት ዓመት ልምድ ስለሚጠይቁ በቅርብ መንጃ ያወጣው ሰው ዋና ሹፌር ሆኖ እንዳይመዘገብ።

የቢጫ ወባ ክትባት ካልወሰዳችሁ አሁኑኑ ውሰዱ። የምስክር ወረቀቱ የሚጸናው ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ነው። ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ አሮጌ ካርድ ላይ 10 ዓመት ቢልም ድጋሚ መከተብ አያስፈልግም።

አምስት ሳምንት ሲቀር፣ ሰንጋ ተራ

ጉዞውን ከሁሉ በላይ የሚያበላሸው የመያዣ ገንዘብ ጉዳይ ነው። ኪራይ ቤቱ መኪናውን ሲያስረክብ ከኪራዩ ሌላ የተወሰነ ገንዘብ ካርዱ ላይ ያግዳል። መኪናው በሰላም ሲመለስ ይለቀቃል። ይህን የሚፈልጉት በክሬዲት ካርድ ነው፣ እኛ ዘንድ ግን አብዛኛው ሰው የሚይዘው ዴቢት ወይም ቅድመ ክፍያ ካርድ ነው። ሰንጋ ተራ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤት ተደርድሮ የቆመበት ሰፈር ስለሆነ በአንድ ጠዋት ሦስት ባንክ ማነጋገር ይቻላል። እያንዳንዱን ጠይቁ፦ ካርዱ ውጭ አገር በሱቅ ማሽን ላይ ይሠራል ወይ? እገዳ ይቀበላል ወይ? የቀን ጣሪያው ስንት ነው? ስሙ በካርዱ ላይ ይታተማል ወይ? ስም የሌለው ካርድ ለኪራይ ቤት ዋጋ የለውም።

ሁለተኛውን ጥያቄ ብዙ ሰው ይዘለዋል። ዴቢት ካርድ ላይ እገዳው አንዳንዴ እንደ ክፍያ ይቆጠርና ገንዘቡ ጭራሽ ይወጣል። ሲመለስ በሌላ ቀን ምንዛሪ ስለሆነ ልዩነት ይኖረዋል፣ እስኪመለስም ሁለት ሳምንት ሊፈጅ ይችላል። ስለዚህ የመያዣው ገንዘብ ከጉዞው ወጪ ጋር በአንድ ካርድ አይሁን። አንደኛችሁ የመያዣውን፣ ሌላኛችሁ የምግብና የማደሪያውን ካርድ ያዙ። የመያዣው ካርድ የግድ የዋናው ሹፌር መሆን አለበት። የባል ካርድ ለሚስት መንጃ ፈቃድ፣ የሚስትም ካርድ ለባል አይሠራም።

ባንኩ ለመንገደኛ የውጭ ምንዛሪ ሲሸጥ ፓስፖርትና የአየር ትኬት ይጠይቃል፣ ቅጂውን አዘጋጁ። ዶላሩን ስትረከቡ የተቀደደ፣ የተጻፈበትና ያረጀ ኖት አስቀይሩ፤ ናይሮቢ ያለው መንዛሪ ይመልስባችኋል።

ሦስት ሳምንት ሲቀር፣ ውሉን ማንበብ

ለዚህ መንገድ ራቭ ፎርን የመሰለ ከመሬት ከፍ ያለና አውቶማቲክ መኪና ይበቃል። አውቶማቲክ የሚባለው ለምቾት አይደለም። መሪው በቀኝ በሆነ መኪና ማርሽ የሚቀየረው በግራ እጅ ነው፣ በመጀመሪያው ቀን አእምሮ ላይ ካለው ሸክም አንዱን መቀነስ ብልህነት ነው። ፔዳሎቹ ግን ያው ናቸው፣ ቤንዚን በቀኝ፣ ፍሬን ከሱ በስተግራ።

ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል ጠይቃችሁ መልሱን በጽሑፍ አስቀሩ። አደጋ ቢደርስ ከጉዳቱ የመጀመሪያው ስንት ብር በእናንተ ላይ ነው? ጎማ፣ መስታወትና የመኪናው ሆድ በኢንሹራንሱ ይሸፈናሉ? (ብዙ ጊዜ አይሸፈኑም፣ በፓርክ መንገድ የሚጎዱት ደግሞ እነሱው ናቸው።) ፓርክ ውስጥ መግባት ይፈቀዳል? በቀን የኪሎ ሜትር ጣሪያ አለ? የእናንተ አማካይ በቀን 115 ገደማ ስለሆነ ለማይጠቅማችሁ “ያልተገደበ” ውል አትክፈሉ። መኪናው መንገድ ላይ ቢቆም ምትክ በስንት ሰዓት ይደርሳል?

ሁለታችሁም በሹፌርነት ተመዝገቡ። ያልተመዘገበ ሰው እየነዳ ግጭት ቢደርስ ኢንሹራንሱ አይከፍልም። አንዳንዱ ድርጅት ለትዳር ጓደኛ ተጨማሪ አያስከፍልም፤ ግን የእኛ ባልና ሚስት የአባት ስማቸው ስለማይገናኝ ካልተናገራችሁ አያውቅም። የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን የእንግሊዝኛ ትርጉም ፎቶ ስልክ ላይ ያዙ።

አንድ ሳምንት ሲቀር፣ አራት ኪሎ

በግራ መንዳትን አዲስ አበባ ላይ በመኪና መለማመድ አይቻልም፣ በወረቀት ግን ይቻላል። የአራት ኪሎን አደባባይ ሣሉ። ከፒያሳ መጥታችሁ ወደ ስድስት ኪሎ ልትሄዱ ነው እንበል። እዚህ አደባባዩን በቀኝ ገብታችሁ የቤተ መንግሥቱን መውጫ ታልፋላችሁ፣ የግንፍሌውን ታልፋላችሁ፣ ሦስተኛው ላይ ትወጣላችሁ። ኬንያ ቢሆን በግራ ትገቡና የመጀመሪያው መውጫ ራሱ ስድስት ኪሎ ነው፣ ሐውልቱን እንኳ አትዞሩም። አሁን ከስድስት ኪሎ ወደ ፒያሳ አድርጉት፦ እዚህ የመጀመሪያው መውጫ ነበር፣ እዚያ ግን ሦስተኛው ይሆናል። አደባባይ ውስጥ ላለ ቅድሚያ ይሰጣል፤ ልዩነቱ እዚህ የምታዩት ወደ ግራ ነው፣ እዚያ ወደ ቀኝ። ሁለታችሁም እየተፈራረቃችሁ ሃያ ጊዜ ያህል በጣት አሽከርክሩት። የሞኝ ጨዋታ ይመስላል፣ የናይሮቢው ዌስትላንድስ ሰፈር ላይ ግን ዋጋው ይታወቃል።

ሻንጣ ስታዘጋጁ ፌስታል አትያዙ። ኬንያ ከነሐሴ 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የፕላስቲክ መገበያያ ከረጢትን ከልክላለች። ከሰኔ 2020 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ አንዴ ተጠቅመው የሚጥሉት ፕላስቲክ፣ የውኃ ጠርሙስ ጭምር፣ ፓርክ ውስጥ አይገባም። ጫማና የቆሸሸ ልብስ በጨርቅ ከረጢት፣ ውኃ በብረት ኮዳ ይሁን። ቆሎና ዳቦ ቆሎም በጨርቅ ይቋጠር።

ስልኩ ላይ ከናይሮቢ እስከ ናንዩኪ ያለውን ካርታ ያለ ኢንተርኔት እንዲሠራ አውርዱ። የስልክ መያዣ፣ የመኪና ቻርጀር፣ የእጅ ባትሪና የጎማ ንፋስ መለኪያ ከዚህ ያዙ።

ቀን 1፣ ቅዳሜ፦ ቦሌ – ናይሮቢ

ዛሬ መኪና አትረከቡም። ከአውሮፕላን ወርዶ፣ ደክሞ፣ በማያውቁት ከተማ፣ በማያውቁት በኩል መንዳት የመጀመሪያ ጉዞ የሚጨናገፍበት ዋናው ምክንያት ነው። አውሮፕላን ጣቢያው ውስጥ የሳፋሪኮም ሲም ግዙ፣ በፓስፖርት ይመዘገባል፣ ኤምፔሳውንም እዚያው አስከፍቱ። እዚህ ኢትዮጵያ ኤምፔሳ ያለው ሰው ያው ሒሳብ እዚያ ይሠራልኛል ብሎ እንዳይተማመን። የፓርክ መግቢያ፣ ቤንዚን፣ የመንገድ ዳር ሙዝ ሳይቀር በስልክ ይከፈላል።

ታክሲ ይዛችሁ ዌስትላንድስ እደሩ። ሰፈሩ የተመረጠው ነገ ወደ ናይቫሻ የሚወስደው ዋያኪ ዌይ ደጁ ላይ ስለሆነ ነው፣ መሐል ከተማውን ማቋረጥ አይኖርባችሁም።

መኪናውን ነገ ጠዋት 1 ሰዓት ሆቴሉ ድረስ እንዲያመጡ አስታውሷቸው። በስዋሂሊ የሚያወራ ኬንያዊ እንደ እኛው ከንጋት ስለሚቆጥር 1 ሰዓት ሲል 1 ሰዓት ነው፣ በእንግሊዝኛና በጽሑፍ ግን 7:00 ይሆናል። ሁልጊዜ በቁጥር ጽፋችሁ ላኩ።

ቀን 2፣ እሑድ፦ ናይሮቢ – ናይቫሻ፣ 90 ኪሎ ሜትር

እሑድ ጠዋት ናይሮቢ ባዶ ናት፣ ለመጀመሪያው መሪ ከዚህ የተሻለ ሰዓት የለም። ርክክቡ አርባ ደቂቃ ይፍጅ፣ አትቸኩሉ። አንደኛችሁ ከወረቀቱ ጋር፣ ሌላኛችሁ ከመኪናው ጋር። ዙሪያውን ሳያቋርጥ ቪዲዮ ይቀረጽ፦ አራቱም ቸርኬ፣ የፊት መስታወት ላይ ያሉ የጠጠር ነጥቦች፣ ስፖኪዮዎቹ፣ የፊትና የኋላ መከላከያ የታችኛው ጠርዝ፣ የቤንዚን መጠንና የኪሎ ሜትሩ ንባብ። ጎማው ጎን ላይ ባለ አራት አሃዝ ቁጥር ፈልጉ። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሳምንቱን፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። 2319 ካለ በ2019 እ.ኤ.አ. 23ኛ ሳምንት የተሠራ ነው። ከስድስት ዓመት በላይ የሆነው ጥርሱ ሙሉ ቢመስልም ጎማው ደርቋል፣ በጠጠር መንገድ ይፈነዳል፤ አስቀይሩ።

ስኮርታውን ከቦታው አውጥታችሁ ንፋሱን ለኩ። ክሪኩና የጎማ መፍቻው መኖራቸው ብቻ አይበቃም፣ መፍቻው ብሎኑ ላይ ገብቶ የሚገጥም መሆኑን ሞክሩ። ቸርኬው የተቀየረ መኪና ላይ ሳይገጥም የሚገኝበት ጊዜ አለ። ሦስት ማዕዘን ምልክቱ በሕግ ግዴታ ነው።

ከመነሳታችሁ በፊት ቆማችሁ ፍሬቻውን አሥር ጊዜ አብሩ አጥፉ። በነዚህ መኪኖች ፍሬቻው በቀኝ፣ የዝናብ መጥረጊያው በግራ ነው። በጠራራ ፀሐይ መጥረጊያ እያወዛወዘ የሚዞር መኪና ካያችሁ ሹፌሩ ከየት እንደመጣ መገመት ትችላላችሁ።

የአጠገብ ተቀማጩ ሥራ ካርታ ማንበብ ብቻ አይደለም። መኪናው ከቆመበት በተነሳ ቁጥር “ግራ” ይላል። ሰው የሚሳሳተው መኪና በበዛበት ጎዳና አይደለም፣ እዚያ የፊተኛውን ይከተላል። የሚሳሳተው ከነዳጅ ማደያ ወይም ከሆቴል ግቢ ወደ ባዶ መንገድ ሲወጣ ነው፣ እጁ በልማድ ወደ ቀኝ ይወስደዋል። ሁለተኛው ስሕተት መኪናውን ከመጠን በላይ ወደ ግራ መግፋት ነው፤ ሹፌሩ የሚቀመጠው በለመደው ቦታ ስላልሆነ የግራ ጎማው ከአስፋልቱ ጠርዝ ይወርዳል። መድኃኒቱ የመሐል መስመሩን ከቀኝ ትከሻ አቅራቢያ ማድረግ ነው። ግራ ስፖኪዮውን አጠገብ ያለው ሰው ይጠብቅ።

በከተማ 50፣ ከከተማ ውጭ 100 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው ሕጉ። ፖሊስ ኬላ ላይ ሹል ብረት አስፋልቱ ላይ ዘርግቶ በመሐሉ ጠባብ መተላለፊያ ይተዋል፣ ከሩቅ ቀንሱ። መንጃ ፈቃድ፣ ፓስፖርትና የኪራይ ውል በአንድ ማኅደር ይሁን፣ ሰላምታ ቀድሞ ይሰጥ። ቅጣት ቢኖር ደረሰኝ ጠይቁ።

ከሊሙሩ በኋላ ወደ ናይቫሻ ሁለት መንገድ አለ። የላይኛውን ያዙ። ጠዋት ጉም ይኖረዋል፣ ግን ሰፊ ነው። የታችኛው በማይ ማሂዩ በኩል በጠመዝማዛ ቁልቁለት የሚወርድ ሲሆን ከባድ መኪና ይበዛበታል። ያንን መንገድ የሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተማረኩ ጣሊያኖች ናቸው፤ ብዙዎቹ ከእኛው አገር ተሸንፈው የተወሰዱ ነበሩ። ዳሩ ላይ የሠሯት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም አለች። የስምጥ ሸለቆው ዕይታ ግን ከላይኛውም አለ፤ ገደሉ በግራችሁ ስለሆነ ለመቆም ከፊት የሚመጣውን መስመር ማቋረጥ አያስፈልግም።

6 ሰዓት ሳይሞላ ናይቫሻ ትደርሳላችሁ። ከሐይቁ በስተደቡብ ባለው መንገድ ማደሪያ ይበዛል። ጉማሬ ሲመሽ ለግጦሽ ከውኃ ይወጣል፤ ከክፍል ወደ ምግብ አዳራሽ ስትሄዱ ዘበኛውን ጥሩ።

ቀን 3፣ ሰኞ፦ ሄልስ ጌት

መኪናው ይረፍ። ሄልስ ጌት በእግርና በብስክሌት ከሚገባባቸው ጥቂት የኬንያ ፓርኮች አንዱ ነው፣ አንበሳ አይበዛበትም፣ የሜዳ አህያና ቀጭኔ አጠገባችሁ ይግጣል። ብስክሌት በሩ አካባቢ ይከራያል። ከመክፈላችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ሞክሩ፣ ኮርቻውን አስተካክሉ። ጎሽ ካያችሁ ቁሙ፣ አትጠጉ።

መግቢያ የሚከፈለው ኢሲቲዝን በተባለው የኬንያ መንግሥት ድረ ገጽ በስልክ ወይም በካርድ ነው፣ ጥሬ ገንዘብ አይቀበሉም። የዋጋ ሰንጠረዡ ላይ የምሥራቅ አፍሪካ የሚለውን አትንኩ፤ ኢትዮጵያ የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል አይደለችም፣ በሩ ላይ ፓስፖርት ሲያዩ ልዩነቱን ያስከፍሏችኋል።

ፓርኩ ውስጥ ወዳለው ጠባብ ገደል ለመውረድ የአካባቢ መሪ ይያዛል። ሰማዩ ከሩቅም ቢሆን ከጠቆረ አትውረዱ። ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ በጠባቡ ገደል ድንገት ይመጣል፤ በ2019 እ.ኤ.አ. ጎብኚዎችን የወሰደው እንዲህ ያለ ጎርፍ ነው።

ቀን 4፣ ማክሰኞ፦ ናኩሩ፣ 70 ኪሎ ሜትር

በጊልጊል በኩል ቀላል መንገድ ነው። ዛሬ ሌላኛችሁ ንዱ። የኤልመንቴይታ ሐይቅ በግራ ይታያል። ከናኩሩና ከቦጎሪያ ጋር በ2011 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ከሰዓት በኋላ ቤንዚን ሙሉና ዕረፉ። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ብታሰሉ ለሙሉ ጉዞው 80 ሊትር ያህል ነው፤ ማሽኑ ከዜሮ መነሳቱን አጠገቡ ቆማችሁ ተመልከቱ። የነዳጅ ዋጋ በየወሩ በ14ኛው ቀን ስለሚከለስ በጀቱን በቅርቡ ዋጋ አስሉ።

ቀን 5፣ ረቡዕ፦ የናኩሩ ፓርክና ኒያሁሩሩ፣ 70 ኪሎ ሜትር

ጠዋት 12 ሰዓት በሩ ሲከፈት ግቡ። 188 ካሬ ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው ፓርክ በአጥር የተከበበ ነው፣ ጥቁሩም ነጩም አውራሪስ አለበት። በአሮጌ ፎቶ ያያችሁትን ሐይቁን ያለበሰ የፍላሚንጎ መንጋ አትጠብቁ። ከ2010ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ወዲህ ውኃው ሞልቶ ጨውነቱ ሲቀንስ የሚመገቡት አልጌ አነሰ፣ ወፎቹም ወደ ቦጎሪያና ወደ ሌሎች ሐይቆች ተበተኑ። መንገዶችም በውኃ ስለተዋጡ አሮጌ ካርታ አትመኑ።

መስታወት ክፍት ትታችሁ ዝንጀሮ ያለበት ኮረብታ ላይ አትቁሙ። ዳቦ ቆሎውን ከነከረጢቱ ይወስደዋል፣ ከመኪና መውረድ ደግሞ ከተፈቀደው ቦታ ውጭ ክልክል ነው። ፍጥነት ከ40 አይለፍ። እየተንገጫገጨ የሚሄድ መኪና ብሎን ያላላል፣ ከፓርኩ ስትወጡ የጎማዎቹን ብሎኖች በመፍቻው ፈትሹ።

5 ሰዓት ላይ ወጥታችሁ በሱቡኪያ በኩል ወደ ኒያሁሩሩ። ቁልቁለቱ ረጅም ነው። ፍሬን ላይ ቆሞ መውረድ ፍሬኑን ያግላል፣ ከጋለ በኋላ ብትረግጡትም አይይዝም። የማርሹን ዘንግ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርዱት፣ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል፣ ፍሬን በየመሐሉ ብቻ ንኩ። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ዳር ቁሙና ሩብ ሰዓት አቀዝቅዙ፣ ውኃ ግን አታፍስሱበት።

ኒያሁሩሩ ከፍታዋ ከአዲስ አበባ ጋር ተቀራራቢ ነው። በ2008 እ.ኤ.አ. ቤጂንግ ላይ ማራቶኑን ያሸነፈው ሳሙኤል ዋንጂሩ የዚች ከተማ ልጅ ነው፤ የእኛ ፀጋዬ ከበደ ያኔ ነሐስ አምጥቷል። የቶምሰን ፏፏቴ 74 ሜትር ይወርዳል። ረቡዕን የሚጾም ሱኩማ ዊኪ (ጎመን) በኡጋሊ (የበቆሎ ገንፎ) ወይም ጊዜሪ (የበቆሎና የቦሎቄ ንፍሮ) ያገኛል፣ ቅቤና ወተት እንዳይገባበት ግን አስቀድሞ ይናገር።

ቀን 6፣ ሐሙስ፦ ናንዩኪ፣ 160 ኪሎ ሜትር

በካርታው አጭር የሚመስለውን ትታችሁ በምዌጋና በኒዬሪ አቅራቢያ የሚያልፈውን አስፋልት ያዙ። ጠዋት 2 ሰዓት ተነሱ። የኬንያ ተራራ 5,199 ሜትር ነው፣ ጫፉ የሚታየው ጠዋት ነው፣ ረፈድ ሲል ደመና ይለብሳል።

ጎማ ቢፈነዳ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ደልደል ያለ ቦታ እስክታገኙ ቀስ ብላችሁ ዳር ያዙ፣ ቸርኬ ከሰው አይበልጥም። የእጅ ፍሬን ይያዝ፣ ሦስት ማዕዘኑ ወደ ኋላ 50 ሜትር ይቁም፣ አንደኛችሁ የሚመጣውን መኪና ይጠብቅ። ብሎኖቹን ግማሽ ዙር የምታላሉት መኪናው መሬት ላይ እያለ ነው፤ ከተነሳ በኋላ ጎማው አብሮ ይዞራል። ስታጠብቁ በመስቀልኛ፣ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ ደግሞ እንደገና። የተበሳውን በዚያው ቀን ጎሚስታ ዘንድ ውሰዱት፣ ነገ ስኮርታ የለንም ማለት ፓርክ አንገባም ማለት ነው።

ናንዩኪ መግቢያ ላይ የምድር ወገብ ምልክት አለ። በቀዳዳ ሳህን ውኃ እያሽከረከሩ ወዲህ በቀኝ፣ ወዲያ በግራ ይዞራል የሚሉት ትርኢት ነው። የመሬት መሽከርከር ሳህን ውስጥ ያለ ውኃን ለማዞር አቅም የለውም፣ የሚያዞረው የአፍሳሹ እጅ ነው። ፎቶው ግን ፎቶ ነው። ይኸው አስፋልት ወደ ሰሜን በኢሲዮሎና በማርሳቢት አድርጎ ሞያሌ ይደርሳል፣ ከዚያ በዲላና በሐዋሳ አዲስ አበባ።

ቀን 7፣ ዓርብ፦ ኦል ፔጄታ

ከናንዩኪ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚርቅ የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ነው፣ ስፋቱ 360 ካሬ ኪሎ ሜትር። ናጂንና ፋቱ፣ በዓለም የቀሩት ሁለቱ የሰሜን ነጭ አውራሪሶች፣ እዚህ በጥበቃ ይኖራሉ። እናትና ልጅ ናቸው፤ የመጨረሻው ወንድ ሱዳን በመጋቢት 2018 እ.ኤ.አ. ሞቷል። እነሱን ለማየት ለብቻው ይያዛል፣ ከአዲስ አበባ ሳላችሁ አስይዙ። ጥሬ ገንዘብ እዚህም አይሠራም።

አውራሪስ መንገድ ላይ ቢቆም ሞተሩን አታጥፉ፣ ክላክስ አትንኩ፣ ወደ ኋላ ለመሄድ ቦታ ትታችሁ ጠብቁ። እናትና ግልገል መሐል አትግቡ። 9 ሰዓት ተኩል ላይ ወደ በሩ ተመለሱ።

ቀን 8፣ ቅዳሜ፦ ናይሮቢ፣ 200 ኪሎ ሜትር

ረጅሙ ቀን ይህ ነው፣ በረራው ደግሞ ነገ ነው። በአንድ ቀን ሁለቱን አታዋህዱ፤ አንድ የተገለበጠ ከባድ መኪና ትኬቱን ያቃጥለዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተነስታችሁ በካራቲና፣ በሳጋናና በቲካ። ከካራቲና ገበያ አካባቢ እግረኛና ቦዳ ቦዳ (የሞተር ሳይክል ታክሲ) ከሁሉም አቅጣጫ ይመጣል፣ ከ50 በታች ንዱ።

ቲካ መንገድ ላይ ብዙ መስመር አለ፤ ግራውን ያዙ፣ ሚኒባሶቹ ሲቆሙ ግን ትዕግሥት። መኪናውን አውሮፕላን ጣቢያው ላይ የምትመልሱ ከሆነ ወደ መሐል ከተማ አትግቡ። ሩይሩ ላይ ወደ ኢስተርን ባይፓስ ታጠፉና ሞምባሳ መንገድ ላይ ጣቢያው አጠገብ ትወጣላችሁ። ቤንዚኑን እዚያው አቅራቢያ ሙሉ፣ ደረሰኙን አስቀሩ። ጣቢያው መግቢያ ላይ ከሹፌሩ በቀር ሁሉም ወርዶ በእግር ይፈተሻል፣ መኪናው ለብቻው ያልፋል። ስለዚህ ተቀማጩ ፓስፖርቱን በእጁ ይያዝ፣ የት እንደምትገናኙም ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

ስትመልሱ እንደገና ቪዲዮ፣ ኪሎ ሜትሩና ቤንዚኑ ጭምር። ሠራተኛው ጉዳት የለም ብሎ እስኪፈርም ቁልፉን አትስጡ። መኪናው ታጥቦ ይመለስ፤ ጭቃ የሸፈነው ጭረት በኋላ በስማችሁ ይመዘገባል።

እሑድ ቦሌ ስትደርሱ የመያዣው እገዳ ገና ካርዱ ላይ ነው። 14 ቀን ጠብቁ። ካልተለቀቀ የተፈረመበትን የመረከቢያ ወረቀት ይዛችሁ መጀመሪያ ለኪራይ ቤቱ ጻፉና የመልቀቂያውን ማጣቀሻ ቁጥር ጠይቁ። ያንን ቁጥር ይዛችሁ ሰንጋ ተራ ባንካችሁ የካርድ ክፍል ሂዱ፤ ያለዚያ ቁጥር የመስኮቱ ሠራተኛ ሊፈልግላችሁ የሚችለው ነገር የለም።